ዲሹ ወዴት ዞረ?

ቴሌቪዥን ወደ ኢትዮጵያ የገባው በድግስ ነው። ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ሲከበር ከአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት የመጀመሪያው ሥርጭት ተለቀቀ። ጣቢያውን በማቋቋም የረዳው ቶምሰን የተባለ የእንግሊዝ ኩባንያ ነበር። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ከተመሠረተ ገና ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል። አዲስ አበባ የአህጉሩ መዲና ስትባል ለእንግዳ የምታሳየው ዘመናዊ ነገር ያስፈልጋት ነበር፤ ቴሌቪዥኑም ከዚያ ዝግጅት ጋር መጣ። ሥዕሉ ጥቁርና ነጭ፣ ሰዓቱ አጭር፣ ሞገዱም ከዋና ከተማዋ ብዙ የማይርቅ ነበር። መቀበያ የነበረው በመኳንንት ሳሎንና በትልልቅ ሆቴሎች ነው። ተስፋዬ ሣህሉ፣ ትውልድ ሁሉ አባባ ተስፋዬ የሚላቸው፣ ለሕፃናት ተረት መንገር የጀመሩት ያኔ ነው፤ ከአርባ ዓመት በላይ ከዚያ ወንበር አልተነሡም።

በዚያን ጊዜ የቴሌቪዥን ፖሊሲ የሚባል ነገር ቢኖር አንድ ሐሳብ ብቻ ነበረው፤ ቴሌቪዥን የመንግሥት ነው። ይህን የሚጠይቅም አልነበረም። ሌላ ጣቢያ ከየት ይመጣል?

የመጣው ከለንደን ነው፣ ያውም በፊልም ጥቅል። በጥቅምት 1966 የእንግሊዙ አይቲቪ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በወሎ የሚያልቀውን ሕዝብ ቀርጾ ለሀገሩ ተመልካች አሳየ። ቤተ መንግሥቱ ረሃቡን ሲሸፋፍን ስለነበር ፊልሙ እዚህ አልታየም። ከዓመት በኋላ ግን፣ መስከረም 1 ቀን 1967 በአዲስ ዓመት ዕለት ምሽት፣ ደርግ ያንኑ ፊልም አውጥቶ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለቀቀው። ያውም እንዳለ አይደለም፤ በሚሞቱት ሰዎች ሥዕል መሀል የቤተ መንግሥቱ ድግስና ሥጋ የሚጎርሱት የንጉሡ ውሾች ገቡበት። ጃንሆይም ቁጭ ብለው እንዲያዩት ተነገራቸው። በማግስቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። በዘውድ በዓል የተወለደው ጣቢያ አሥር ዓመት እንኳ ሳይሞላው ዘውዱን ቀበረ። ከዚያ በኋላ ቤተ መንግሥት የገባ ሁሉ ይህን ምሽት የረሳው አይመስለኝም።

ደርግ ያንን መሣሪያ ለራሱ ያዘው። የቀለም ሥርጭት መደበኛ የሆነው በ1977 መባቻ ነው፤ አብዮቱ አሥረኛ ዓመቱን ሲያከብርና ኢሠፓ ሲመሠረት ሰልፉ በቀለም እንዲታይ ተፈለገ። ብዙ ሳይቆይ፣ ጥቅምት 13 ቀን 1977፣ የቢቢሲው ማይክል በርክና ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚን ኮረም ላይ የቀረጹት ሥዕል ዓለምን አንቀጠቀጠ። በአንድ መጸው ሀገሪቱ ሁለት ሥዕል ነበራት፤ አንዱ ባንዲራና ሰልፍ፣ ሌላው በብርድ ንጋት ሜዳ ላይ የተኮራመተ ሕዝብ። መንግሥት የሚቆጣጠረው የመጀመሪያውን ብቻ ነበር። ግን እነዚያ የውጭ ሥዕሎች ወደ ኢትዮጵያዊው ሳሎን የሚገቡበት መንገድ ገና አልተፈጠረም፤ የውጭ ድምፅ የሚሰማ ሰው የሚያነሣው ሬዲዮ ነው፣ እሱም ሌሊት፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ግንቦት 20 ቀን 1983 ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ሲገባ የሬዲዮና የቴሌቪዥን ጣቢያዎቹም ከከተማዋ ጋር እጁ ገቡ። በ1985 የፕሬስ ነጻነት አዋጅ ቁጥር 34 ወጣና ሳንሱር ቀረ፤ የግል ጋዜጦችና መጽሔቶችም እንደ አሸን ፈሉ። ወረቀቱ ተፈታ፣ ሞገዱ ግን አልተፈታም። በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 29 ንዑስ አንቀጽ 5 በመንግሥት ገንዘብ የሚካሄድ ወይም በመንግሥት ቁጥጥር ሥር ያለ መገናኛ ብዙኃን የተለያዩ አስተያየቶችን ለማስተናገድ በሚያስችለው ሁኔታ እንዲመራ አዘዘ። ደህና ሐሳብ ነው። ከዚህ በኋላ የምተርከውን ታሪክ ሁሉ ያስቀር የነበረው ይህችን ንዑስ አንቀጽ መፈጸም ብቻ ነበር ብዬ አምናለሁ።

በ1991 የብሮድካስት አዋጅ ቁጥር 178 ወጣ፤ ፈቃድ ሰጪ መሥሪያ ቤትም ተቋቋመ። በወረቀት ላይ የግል ሬዲዮና ቴሌቪዥን ተፈቀደ። በ1999 አዋጅ ቁጥር 533 ተተካና ፓርቲ፣ የሃይማኖት ድርጅትና የውጭ ዜጋ ፈቃድ እንዳይወስዱ ከለከለ። በዚያው ሰሞን ሸገርና ዛሚ የሚባሉ የግል ኤፍኤም ሬዲዮኖች ሥራ ጀመሩ። የግል ቴሌቪዥን ግን የለም። ዓመታት አለፉ፣ አሁንም የለም። ሕጉ የከፈተውን በር ፈቃድ ሰጪው እንደተዘጋ አቆየው።

እስከዚያው ጣሪያው ላይ ሌላ ነገር ይካሄድ ነበር። በቆርቆሮው ላይ የብረት ሳህን ብቅ ማለት ጀመረ፤ በመጀመሪያ የሀብታም፣ ቀጥሎ የመንግሥት ሠራተኛ፣ በመጨረሻም የቀበሌ ቤት። አረብሳትና ናይልሳት በነጻ የሚያወርዷቸው በመቶ የሚቆጠሩ ጣቢያዎች ነበሩ። አብዛኛውን ቋንቋ የሚረዳ አልነበረም፤ ግን ኤምቢሲ 2 የሆሊዉድ ፊልም ሌሊቱን ሙሉ ያሳያል፣ ከሥር የሚሮጠው የዐረብኛ ጽሑፍም ማንንም አላስቸገረም። ቡና ቤቶች በዲኤስቲቪ የእንግሊዝን ኳስ እያሳዩ ቢራ ሸጡ። ይህን ሁሉ ማንም እንደ ፖለቲካ ብዙም አልቆጠረውም። ቴሌቪዥን ሲባል አሁንም ኢቲቪ ነው፣ የቀረው መዝናኛ ነው ተባለ።

በዚህ መሀል በ1997 ምርጫ የሆነው ሆነ።

ለጥቂት ወራት የመንግሥት ቴሌቪዥን ሕገ መንግሥቱ ያዘዘውን ሠራ። ኢሕአዴግና ተቃዋሚዎቹ ቅንጅትና ኅብረት በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው ሲከራከሩ ሥርጭቱ በቀጥታ ተላለፈ። ብርሃኑ ነጋና መረራ ጉዲና ሚኒስትሮችን ፊት ለፊት ሲሞግቱ ሀገር አየ። ሰው ከሥራ በጊዜ ወደ ቤቱ ተመለሰ፤ ሻይ ቤቱ ያለ ኳስ ሞላ፤ የግብርና ፖሊሲ የታክሲ ውስጥ ወሬ ሆነ። እኔ እስከማውቀው በዚህ ጣቢያ ታሪክ ውስጥ ዲሽ ያለው ሰው ዲሹን ትቶ ኢቲቪን የመረጠው ያኔ ነው። ግንቦት 7 ሕዝቡ ወጥቶ መረጠ፤ በአዲስ አበባ ምክር ቤት ከ138ቱ መቀመጫዎች 137ቱን ቅንጅት ወሰደ። የቀረውን ሁሉም ያውቀዋል፤ ደም ፈሰሰ፣ የቅንጅት መሪዎችና ጋዜጠኞች ታሰሩ፣ ጋዜጦች ተዘጉ። ቴሌቪዥኑም ወደ ድሮው ተመለሰ። መንግሥት ከዚያ ክርክር የወሰደው ትምህርት ግልጽ ነበር፤ ተመልካቹ የወሰደው ትምህርት ግን ተቃራኒው ነው። አንድ ጊዜ የቀመሰውን ፍለጋ ወደ ጣሪያው ቀና አለ።

በ2000 ኢቢኤስ መጣ። ኩባንያው የተመዘገበው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነው፤ ሥርጭቱ ከሳተላይት ይወርዳል፣ ፕሮግራሙ ግን በአብዛኛው እዚሁ አዲስ አበባ ይሠራል። ለመንግሥት ይህ ፈታኝ ጥያቄ ነበር፤ የሀገር ውስጥ ፈቃድ የሌለው የሀገር ውስጥ ጣቢያ ምን ይባላል? መልሱ ዝም ማለት ሆነ። ኢቢኤስ ፖለቲካ አልነካም፤ ሙዚቃ፣ ምግብ፣ ድራማ፣ የሰይፉ ፋንታሁን ጨዋታ። ኢቲቪም «ገመና»ንና «ሰው ለሰው»ን በመሰሉ ድራማዎች ለጊዜው ተመልካቹን ያዘ። ዝምታው እንደ ያልተጻፈ ፖሊሲ ሠራ። ማዝናናት ይቻላል፣ ዜና ግን የመንግሥት ነው።

ያንን ያልተጻፈ ስምምነት ያፈረሰው ኢሳት ነው። በ2002 የጸደይ ወራት ከአምስተርዳም፣ ከዋሽንግተንና ከለንደን ስቱዲዮዎች በተቃዋሚ ዳያስፖራ መዋጮ ሥርጭቱን ጀመረ። ጊዜው ራሱ ይናገራል፤ በዚያው ዓመት መጋቢት ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ የአሜሪካ ድምፅን የአማርኛ ክፍል የዘር ፍጅት ካነሣሣው ከሩዋንዳው ሚል ኮሊን ሬዲዮ ጋር አመሳስለው የማፈኛ መሣሪያ እየተሞከረ መሆኑን ለጋዜጠኞች ተናግረው ነበር። በግንቦቱ ምርጫ ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547 የፓርላማ ወንበሮች 545ቱን ያዙ። ከዚህ ቁጥር በኋላ ተቃውሞ የሚሰማበት ቦታ ሰማይ ብቻ ቀረ።

ማፈን፣ በተለምዶ ጃም ማድረግ የሚባለው፣ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ከምድር ሆኖ የአንድን ከተማ ዲሾች ማደናገር ነው። ሁለተኛው ወደ ሳተላይቱ ራሱ በዚያው ፍሪኩዌንሲ ኃይለኛ ሞገድ መላክ ነው። ሁለተኛው ጠላትን ከወዳጅ አይለይም፤ በዚያው የሳተላይት ማሠራጫ ላይ የተጫኑ ጣቢያዎች ሁሉ አብረው ይጠፋሉ፣ ያውም ከሞሮኮ እስከ ባሕረ ሰላጤው። በ2004 ዋና መሥሪያ ቤቱ ሪያድ የሆነው አረብሳት የኤርትራን ቴሌቪዥን ለማፈን ታስቦ የተላከ ሞገድ ከኢትዮጵያ ምድር መነሣቱን አስታውቆ አቤት አለ። በግንቦት 2006 ደግሞ ቢቢሲ፣ ዶይቼ ቬለና ፍራንስ 24 ሥርጭታቸው ከኢትዮጵያ በሚመጣ ሞገድ መታወኩን ገልጸው በጋራ አወገዙ። በአዲስ አበባ ወሬ ለመደበቅ የተደረገ ነገር በቤይሩትና በካይሮ ሳሎን ሥዕል አጠፋ።

እዚህ ቤት ደግሞ ዲሽ ሠሪው የሰፈር ዜና አቀባይ ሆነ። ኢሳት ከአንዱ ሳተላይት ሲባረር ወደ ሌላው ይሄዳል፤ አዲሱ ፍሪኩዌንሲ በወረቀት ተጽፎ ከኪስ ወደ ኪስ ይዞራል፤ ዲሽ ሠሪው መሰላሉን ይዞ ይመጣል፣ ሪሲቨሩን ሰርች ያደርጋል፣ ብሎኑን አላልቶ ሳህኑን በጣት ጥፍር ልክ ያዞራል፣ ከታች ደግሞ ልጅ «መጣ! ኧረ ሄደ! መለስ አድርገው!» ይላል። ከሳምንት በኋላ ይጠፋል። እንደገና መሰላል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው ሰው የኢሳት ደጋፊ ስለሆነ ብቻ አልነበረም፤ ኢሳትም ወገንተኛ ነበር፣ ያላጣራውን ወሬ ሲለቅም ታይቷል። ግን ኢቲቪ «አኬልዳማ»ንና «ጅሃዳዊ ሐረካት»ን እያሰናዳ ጉዳያቸው ገና ፍርድ ቤት ያለ ሰዎችን በሚያሳይበት ዘመን ሁለተኛውን ወገን መስማት የፈለገ ሰው ወዴት ይሂድ?

የ2004 ክረምት ይህን ሁሉ አፍረጥርጦ አሳየ። አቶ መለስ ከሕዝብ ዓይን ተሰወሩ። የመንግሥት ቴሌቪዥን ለሳምንታት ጥቂት ቃል ብቻ ተናገረ፤ እረፍት ላይ ናቸው፣ እያገገሙ ነው። ኢሳት ሞተዋል ብሎ ዘገበ፤ ባለሥልጣናት አስተባበሉ። ነሐሴ 15 ማለዳ ኢቲቪ ትናንት ሌሊት ማረፋቸውን አወጀ። የኢሳት ዘገባ ትክክል ነበር ማለቴ አይደለም። ነገር ግን ስለ ራሱ መሪ ጤና የሀገሩን ጣቢያ የማያምን ተመልካች ስለ ምኑ ያምነዋል? በሁለት ዓመቱ የሬዲዮና ቴሌቪዥን ድርጅቱ በአዋጅ ቁጥር 858/2006 የኢትዮጵያ ብሮድካስቲንግ ኮርፖሬሽን፣ ኢቢሲ፣ ተባለ። ስሙ ተለወጠ፣ አርማው ታደሰ፣ ዜናው ግን ያው ነበር። በዚያው 2006 ጃዋር መሐመድ የሚመራው የኦሮሚያ ሚዲያ ኔትወርክ፣ ኦኤምኤን፣ ከሚኒያፖሊስ በአፋን ኦሮሞ መሠራጨት ጀመረ።

ከዚያ ቃና መጣ፤ ቃና ደግሞ ሁሉንም ወገን ግራ አጋባ። በ2008 የተከፈተው ይህ ጣቢያ የዱባዩ ሞቢ ግሩፕ እጅ ያለበት ነው፤ በአፍጋኒስታን ቶሎ ቲቪን ያቋቋሙት ሳአድ ሞህሴኒ ኩባንያ ማለት ነው። ሥራው የቱርክንና የላቲን አሜሪካን ተከታታይ ድራማ በአማርኛ ድምፅ መተርጎም ነበር፤ ተዋንያኑ ድምፃቸውን የሚሰጡት አዲስ አበባ ነው፣ ሥርጭቱ ግን ከውጭ ይወርዳል። «ጥቁር ፍቅር» ሲጀምር መንገዱ ጭር ይላል ተባለ። የሀገር ውስጥ የቴአትርና የፊልም ባለሙያዎች እንጀራችንን ወሰደ፣ ባህል አጠፋ ብለው አቤቱታ አቀረቡ። ክርክሩን ያኔ በቅርብ ስከታተል የገረመኝ አንድ ነገር ነው፤ ብዙ ሰው መንግሥት ቃናን እንዲዘጋ ጠየቀ እንጂ፣ የሀገር ውስጥ ድራማ ለምን ገንዘብና የአየር ሰዓት እንዳጣ የጠየቀው ጥቂት ነው። ለአርባና ሃምሳ ዓመት አንድ ገዢ ብቻ በነበረበት ገበያ የድራማ ኢንዱስትሪ አይበቅልም። መንግሥትም ቃናን አልዘጋም። ኦሮሚያ በተቃውሞ እየነደደች ሳለ ስለ ኢስታንቡል ፍቅር የሚያለቅስ ተመልካች አላሳሰበው ይሆናል።

ያሳሰበው ሌላው ተመልካች ነው። መስከረም 2009 መጨረሻ ላይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ በጥቅምት አዋጁን የሚያስፈጽመው ኮማንድ ፖስት መመሪያ ኢሳትንና ኦኤምኤንን ማየትን ራሱን ከለከለ። እስከዚያ ድረስ የሚታፈነው ሞገዱ ነበር፤ አሁን ተመልካቹ ጥፋተኛ ሆነ። በየካቲት ዐቃቤ ሕግ መረራ ጉዲናን፣ በሌሉበት ብርሃኑ ነጋንና ጃዋር መሐመድን፣ ከእነሱም ጋር ኢሳትንና ኦኤምኤንን ከሰሰ። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት በመንግሥት ቴሌቪዥን ቀርበው ሀገር የሰማቸው ሁለት ሰዎች በአንድ የክስ መዝገብ ከሁለት የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ጋር ተሰለፉ። በዚሁ ጊዜ ገደማ፣ ነገሩ ቢያስቅም፣ ፈቃድ ሰጪው የቴሌቪዥን በሩን ከፈት ማድረግ ጀምሮ ነበር። ኢኤንኤን፣ ናሁ፣ ኤልቲቪ፣ ጄቲቪ፣ ፋና ቴሌቪዥን ተከታተሉ። ሐሳቡ ይገባል፤ ሰው ዲሹን ካዞረው አይቀር፣ የምናውቀው ጣቢያ ይጠብቀው።

በ2010 ዐቢይ አሕመድ (ዶ/ር) ሥልጣን ሲይዙ ሁሉም በአንድ ክረምት ተገለበጠ። በግንቦት የኢሳትና የኦኤምኤን ክስ ተቋረጠ፤ በሰኔ 264 ድረ ገጾች ተከፈቱ። ትናንት እነሱን ማየት ወንጀል የነበረ ጣቢያዎች አዲስ አበባ ቢሮ ከፈቱ። ብርሃኑ ነጋም ተመልሰው፣ ኋላ የትምህርት ሚኒስትር ሆነው በኢቢሲ ዜና መታየት ጀመሩ። ያ ወቅት ደስታ ነበረው፣ ችኮላም ነበረው። የጣቢያው ብዛት የሐሳብ ብዛት ሳይሆን የወገን ብዛት ሆነ፤ እያንዳንዱ ብሔር፣ እያንዳንዱ እምነት፣ እያንዳንዱ ባለሀብት የራሱን ሥዕል ወደ ላይ ላከ።

በ2012 ደግሞ ዲሹ እንደገና ዞረ፤ በዚህ ጊዜ ማንም ሳያሳድደው። የኢትዮጵያ ብሮድካስተሮች ማኅበር ከሉክሰምበርጉ ኤስኢኤስ ጋር ተስማምቶ ኢትዮሳት የሚባል መድረክ በኤንኤስኤስ 12 ሳተላይት ላይ ተከፈተ፣ በምሥራቅ 57 ዲግሪ። ናይልሳት ያለው በምዕራብ 7 ዲግሪ ነው። ስለዚህ ሀገር ሙሉ መሰላል አወጣ። ዲሽ ሠሪዎች እንደዚያ ዓመት ሠርተው አያውቁም። ከግብፅ ጋር የአባይ ግድብ ክርክር የጋለበት ወቅት ስለነበር፣ ከናይልሳት መውጣቱን ከዚያ ጋር ያያያዘው ሰው ብዙ ነው። አንዳንዱ የዐረብ ጣቢያዎቹን ላለማጣት ሁለተኛ ሳህን ተከለ፤ አብዛኛው ግን አንዱን አዞረና ተወው። ጃም ማድረጊያ መሣሪያ ለዓመታት ሊያደርገው ያልቻለውን ምቾት አደረገው። የብዙኃኑ ዲሽ የሀገር ውስጥ ጣቢያዎች ወደ ተሰበሰቡበት አንድ ነጥብ ዞረ። ለቴሌቪዥን ፖሊሲ ይህ ከአዋጆቹ ሁሉ የሚበልጥ ለውጥ ነው፣ እንደሚገባው ግን አልተወራለትም።

ሰኔ 22 ቀን 2012 ድምፃዊው ሃጫሉ ሁንዴሳ ተገደለ። በማግስቱ ጃዋር ታሰረ፣ የኦኤምኤን የአዲስ አበባ ስቱዲዮም ተዘጋ፤ ኢንተርኔት ለሳምንታት ጠፋ። ጣቢያው ከሚኒያፖሊስ መሠራጨት አላቆመም፤ ግን አሁን ማፈን አላስፈለገም፣ ቢሮ መዝጋት በቂ ነበር። አገር ቤት መመለስ ያመጣው ይህን ነው። ዘግይቶ በ2013 አዋጅ ቁጥር 1238 ወጣ፤ ለሃይማኖት ተቋማት በር ከፈተ፣ የበይነ መረብ መገናኛ ብዙኃንን በሕግ ውስጥ አስገባ፣ ፈቃድ ሰጪውንም የኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን ብሎ ሰየመ። የባለሙያው አስተያየት የተጠየቀበት፣ ከቀደሙት የተሻለ ሕግ ነው። በ2014 ዲኤስቲቪም አቦል የሚል የአማርኛ ቻናል ከፈተ፤ የውጭ ኩባንያው በሀገሩ ቋንቋ መጣ፣ ያውም በወርኃዊ ክፍያ።

በመጋቢት 2017 ኢቢኤስ «አዲስ ምዕራፍ» በሚለው ዝግጅቱ ያቀረበው አንድ ታሪክ ከፍተኛ ውዝግብ አስነሣ። ጣቢያው ይቅርታ ጠየቀ፤ ባለሥልጣኑ ዝግጅቱን አገደ፤ ፖሊስም የጣቢያውን ሠራተኞች አሰረ። ከአሥራ ሰባት ዓመት በፊት በመዝናኛው የታለፈው ጣቢያ ያልተጻፈው ስምምነት አሁንም እንዳለ አወቀ። ሚያዝያ 9 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አዋጅ 1238ን አሻሽሎ ፈቃድ የመስጠትና የመንጠቅን ሥልጣን ከቦርዱ ወደ ባለሥልጣኑ አዛወረ፤ የመብት ድርጅቶችም የመቆጣጠሪያው ነጻነት ተሸረሸረ ብለው ተቃወሙ። ለኢቢሲ የቴሌቪዥን አገልግሎት የሚከፈለው ገንዘብ ደግሞ ከመብራት ሒሳብ ጋር ይሰበሰባል፤ ያየውም ያላየውም ይከፍላል። የከተማው ወጣት ዜናውንም ድራማውንም ከስልኩ ላይ ዩቲዩብ ከፍቶ ያያል፤ ዲሽ ሠሪዎቹም ካሜራና የኢንተርኔት ገመድ ወደ መግጠም ገብተዋል።